በጾም ወር ከባድ ስፖርት፤ በሳምንት ስንት ቀን?

የረመዳን የመጀመሪያው ሳምንት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፤ ጥርስን በሳሙና መፋቅ፣ የዓይን ጠብታ፣ መርፌ መወጋት፣ ሱሑር እየበላ አዛን የደረሰበት ሰው ጉዳይ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ወጣቶች ከተራዊሕ በኋላ ጠጋ ብለው የሚጠይቁት ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። «ሸኽ፣ ጾም ይዤ ጂም በሳምንት ስንት ቀን ልሥራ?» ይላሉ።

አንድ የመስጂዳችን ወጣት ጥያቄውን ያመጣው ነገሩ ከደረሰበት በኋላ ነበር። ከረመዳን በፊት በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል። ረመዳን ሲገባ ሰዓቱን ወደ ንጋት አመጣው እንጂ የቀኑን ቁጥር አልቀነሰም። ሱሑር በልቶ፣ ፈጅር ሰግዶ፣ ጂም ገብቶ 45 ደቂቃ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ይሠራና በቀጥታ ወደ ሥራው ይሄዳል። በዘጠነኛው ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ራሱን አዞረው፣ አስመለሰው፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሥራ ባልደረቦቹ አስተኝተው ውሃ አጠጡት። እኔ ጋ የመጣው «ጾሜ ምን ሆነ?» ብሎ ነው።

የሸሪዓው መልስ ግልጽ ነው። በራሱ ላይ ጉዳት የፈራ ጾመኛ እንዲያፈጥር ተፈቅዶለታል፤ አደጋው የበረታ እንደሆነ ደግሞ ማፍጠሩ ግዴታው ይሆናል። ስለዚህ ልጁ ውሃውን በመጠጣቱ አይወቀስም፤ ያንን ቀን ከዒድ በኋላ ቀዷ ያወጣል። የሚያነጋግረው ከውሃው በፊት ያለው ነው። አንድ ሰው ጾሙን ወደሚያስፈታ ድካም በገዛ ፈቃዱ በየማለዳው መሄዱ እንዴት ይታያል?

የፊቅህ ሊቃውንት ስለ ጂም አልጻፉም፤ ስለ ጋጋሪ ግን ጽፈዋል። የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት እሳት ፊት ቆሞ የሚውል ዳቦ ጋጋሪ ጾሙን እስከሚያስፈታው ድረስ እንዳይደክም፣ ግማሹን ቀን ጋግሮ የቀረውን እንዲያርፍ ነው የሚነግሩት። የሻፊዒ ሊቃውንት ደግሞ የእህል አጫጆችን ጉዳይ አንስተው፣ አጫጅ ሌሊት ነይቶ እንደማንኛውም ሰው ጾሙን እንዲጀምር፣ ቀን ላይ ብርቱ ችግር ከገጠመው ግን እንዲያፈጥር ያስተምራሉ። ጋጋሪውና አጫጁ ለልጆቻቸው ጉርስ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ለጉሮሮው የሚሠራ ሰው ሥራውን እንዲያሳንስ ከተነገረው፣ ለጡንቻው የሚሠራ ሰው ቁጥሩን ይቀንስ ቢባል የሚያስቆጣ አይደለም።

ይህን የምለው ስፖርትን ለማጥላላት አይደለም። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ እንደተሽቀዳደሙ፣ የፈረስ እሽቅድምድም እንዳካሄዱ፣ ቀስት መወርወርን እንዳበረታቱ በሐዲስ የታወቀ ነው። ጠንካራ ምእመን አላህ ዘንድ ከደካማው ይበልጥ የተወደደ መሆኑንም አስተምረዋል። በየጫት ቤቱ ከሚውል ወጣት ይልቅ ላቡን በጂም የሚያፈሰው እንደሚሻል ለማንም ግልጽ ነው። ጥያቄው «ስንት ቀን» የሚለው ብቻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ታሪክ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ዐብዱላህ የታዋቂው የዐምር ኢብኑል ዓስ ልጅ ነው። ወጣት ሳለ ለዒባዳ ያለው ጉጉት ወሰን አልነበረውም፤ ቀኑን ሁሉ ይጾማል፣ ሌሊቱን ሁሉ ይቆማል። አባቱ ከቁረይሽ ጥሩ ሴት ዳረውት ነበር። ምራታቸውን ስለ ባሏ ሲጠይቋት መልካም ሰው መሆኑን ተናግራ፣ ነገር ግን ወደ መኝታዋ እንደማይቀርብ በጨዋ ቋንቋ ገለጸችላቸው። ወሬው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ደረሰ። አስጠርተውትም ለአካሉ፣ ለዓይኑ፣ ለሚስቱና ለእንግዳው በእሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው አስታወሱት፤ በወር ሦስት ቀን መጾምም እንደሚበቃው ነገሩት።

ከዚህ በኋላ የሆነው የገበያ ክርክር ይመስላል። ዐብዱላህ ከዚህ በላይ እችላለሁ ይላል፤ ነብዩ ጥቂት ይጨምሩለታል። አሁንም እችላለሁ ይላል፤ አሁንም ይጨምሩለታል። በመጨረሻ የዳዉድን (ዐ.ሰ) ጾም ሰጡት፤ አንድ ቀን ጾሞ አንድ ቀን ማፍጠር። እሱ ከዚህም የበለጠ እንደሚችል ሲናገር፣ ከዚህ የሚበልጥ ጾም እንደሌለ ነግረው ክርክሩን ዘጉት። በቁርኣን ንባቡም እንዲሁ ሆነ፤ በወር አንድ ጊዜ ከማኽተም ተነስተው እስከ ሰባት ቀን አወረዱለት።

ታሪኩ እዚህ ላይ አያበቃም። ዐብዱላህ ረጅም ዕድሜ ኖረ። ሲያረጅና ጉልበቱ ሲከዳው የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ማቅለያ ተቀብዬ በነበረ እያለ ይመኝ ነበር። ሆኖም ከእሳቸው ጋር የተለያየበትን ልማድ መተው ከበደው። ጉልበት ሲያጣ ለተከታታይ ቀናት ያፈጥርና ቀኖቹን ቆጥሮ በኋላ ያንኑ ያህል ይጾም ነበር። በወጣትነቱ የቆረጠውን ቁጥር በሽምግልናው ተሸከመው ማለት ነው።

«እችላለሁ» የሚለው ቃል የወጣት ቃል ነው፤ ደግሞም እውነት ነው፤ ይችላል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አትችልም ብለው አልተከራከሩትም። ያዩለት የቀረውን ዕድሜውንና ከእሱ ሐቅ ያላቸውን ሌሎች ነው። አንዳንድ ሰባኪዎች የዳዉድን ጾም ከጡንቻ ማገገሚያ ሰዓት ጋር አገናኝተው «ሳይንስ ዛሬ የደረሰበት» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሐዲሱ የመጣው ስለ ዒባዳ ነው፤ ስለ ጡንቻ ባለሙያዎቹን ብንጠይቅ ይሻላል።

ስፖርት ሳይንስ የተማሩ የጀመዓችን ልጆች እንዳስረዱኝ፣ ከባድ የሚባለው እንቅስቃሴ መለኪያው ቀላል ነው፤ እየሠራህ ከጥቂት ቃላት በላይ ሳትተነፍስ መናገር ካቃተህ ከባድ ነው። መስቀል አደባባይ ደረጃ ለደረጃ መሮጥ፣ ገመድ ዝላይ፣ በአጭር እረፍት የሚደጋገም ስኳትና ፑሽ አፕ ሁሉ እዚህ ይገባል። በቀስታ ስንራመድ አካላችን በአመዛኙ ስብ ያቃጥላል። በከባዱ ጊዜ ግን በጡንቻና በጉበት የተጠራቀመውን ስኳር ያነሳል፤ ያ ስኳር የሚተካው ደግሞ በምግብ ነው። የተጎዳው የጡንቻ ክር እስኪጠገንም በተለመደው አነጋገር 48 ሰዓት ያህል ይሰጠዋል። ስለዚህ ጾም በሌለበት ጊዜ እንኳ ባለሙያዎች ለአብዛኛው ሰው ከባዱን ልምምድ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ፣ ያውም ቀን እያስዘለሉ ነው የሚያዙት። አትሌቶቻችንም በየቀኑ ቢሮጡም በየቀኑ አይፈጥኑም፤ በፍጥነት ልምምዶቹ መካከል ቀላል ሩጫ ይገባል።

አሁን ጾሙን እንጨምርበት። ሀገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ከፈጅር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ በየትኛውም ወቅት ከ13 እስከ 14 ሰዓት ነው። በበጋ ረመዳን 18 ሰዓት ከሚጾሙት የሰሜን አውሮፓ ሙስሊሞች አንጻር አላህ አቅልሎልናል። ያም ሆኖ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ላቡን ያፈሰሰ ሰው ጠብታ ውሃ ሳያገኝ ከ12 ሰዓት በላይ ሊቆይ ነው። በሰውነቱ ያለው ፈሳሽ ሲያንስ ልቡ ያንኑ ሥራ ለመሥራት አብዝቶ ይመታል። የዚያ ልጅ እጅ የተንቀጠቀጠው በእምነት ድክመት አልነበረም።

ወጣቶቹን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራቸው ግን መውደቅ አይደለም፤ «ዓመት የሠራሁት በአንድ ወር ይጠፋል» የሚለው ነው። ለዚህ የሚያረጋጋ መልስ አለ። በ1981 እ.ኤ.አ. ሂክሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረባው ያወጡት ጥናት ነው። ሰዎችን በሳምንት ስድስት ቀን ለአሥር ሳምንታት በብርቱ አሠለጠኑ። ከዚያ ከፊሎቹን ወደ አራት፣ ከፊሎቹን ወደ ሁለት ቀን አወረዷቸው፤ የልምምዱን ክብደትና ርዝመት ግን አልነኩም። ከ15 ሳምንታት በኋላም ሁለት ቀን ብቻ የሠሩት ሰዎች ያገኙት የትንፋሽ አቅም እንዳለ ነበር። ረመዳን አራት ሳምንት ከጥቂት ቀን ነው። ልብ ማለት የሚገባው ግን ሁለቱ ቀን እውነተኛ ልምምድ መሆናቸው ነው፤ ጂም ገብቶ ስልክ ሲነካኩ መቆየት አይቆጠርም።

እንግዲህ የእኔ መልስ ይኸው ነው፤ በረመዳን ሁለት ቀን። ሦስተኛ ቀን የሚጨምር ሰው እንቅልፉ ያልተነካ፣ ሥራው ቀላል፣ ለዓመታት የለመደ መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት ነው። አራትና አምስት ቀን ግን ለጾመኛ አልመክርም።

ሙግት አይጠፋም። አንዱ ስለ ታባታ ያነሳል። በ1996 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ኢዙሚ ታባታና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ሃያ ሰከንድ በሙሉ ኃይል፣ አሥር ሰከንድ እረፍት እያለ በሳምንት አምስት ቀን የሚሠራ ነበር። እውነት ነው። ነገር ግን ተሳታፊዎቹ ወጣት የስፖርት ተማሪዎች፣ ጥናቱም የስድስት ሳምንት፣ ክትትል ያለበትና ረመዳን ያልሆነ ነው። ሌላው ሐኪም ኦላጁዋንን ይጠራል፤ ጾሞ የአሜሪካን ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር፣ በረመዳን በዋለው የካቲት 1995 እ.ኤ.አ. የወሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ማሻ አላህ! ግን ሰውየው ሙያው ይህ ነው፤ ሐኪሙም፣ ምግብ አዘጋጁም፣ የቀን እንቅልፉም የሥራው አካል ናቸው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ሌስተር ከክሪስታል ፓላስ ሲጫወቱ ጨዋታው ለአፍታ ቆሞ ሙስሊም ተጫዋቾች እንዲያፈጥሩ መደረጉንም አይተናል። በዚያ ደረጃ ያለ ሰው ውሃ የሚጎነጭበት ደቂቃ ሲፈለግለት፣ የእኛ ሰፈር ልጅ ማንም ሳያስገድደው ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ የሚያውልበትን ሰዓት መርጦ ይሠራል።

ሰዓቱ እንግዲህ ከባድ ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ መግሪብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው፤ ተራዊሕ ብዙ ቦታ 3 ሰዓት ገደማ ያበቃል። በቴምርና በውሃ አፍጥሮ፣ መግሪብን ሰግዶ፣ ሾርባና ቀለል ያለ ምግብ ቀምሶ፣ ተራዊሕን ከጀመዓ ጋር ጨርሶ፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ልምምድ የጀመረ ሰው ከ4 ሰዓት አለፍ ብሎ ይጨርሳል። ሦስት ሳምቡሳ ከጥብስ ጋር አግበስብሶ የሄደ ሰው ግን ልምምዱም ተራዊሑም አይሆንለትም። እስኪታጠብና እስኪተኛ 5 ሰዓት ይሆናል፤ 10 ሰዓት ላይ ለሱሑር ይነሳል። አምስት ሰዓት እንቅልፍ ማለት ነው። ይህን በሳምንት ሁለት ሌሊት መሸከም ይቻላል፤ በአምስት ሌሊት ግን ፈጅር ማምለጡ አይቀርም። ለሱና ያልሆነ ነገር ፈርድ ማሳለፍ ደግሞ ኪሳራ ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ ቢሆን በመካከላቸው በቂ ቀን አለ፤ ከቅዳሜው በኋላም እሑድ ከሥራ እረፍት ነው። ከመግሪብ በፊት ያለው ሰዓት ለቀስታ እርምጃ ይሁን፤ የውሃው ሰዓት ቅርብ ስለሆነ አያሰጋም። ያቺን ሰዓት ጂም የሚያሳልፍ ወንድ ልጅ ግን እቤት እናቱና እህቱ ጾም ይዘው ምድጃ ፊት እንደቆሙ ያስብ። ሽንኩርት መላጥም፣ ውሃ መቅዳትም እንቅስቃሴ ነው።

«ታዲያ ሁለት ቀን ለጤና ይበቃል ወይ?» ለሚሉ ሒሳቡ ይኸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ፣ ወይም የሁለቱን ድብልቅ፣ በተጨማሪም ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ማሟሟቂያውን ሳይጨምር 25 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ከሠራህ 50 ደቂቃ ከባድ አለህ፤ ይህም እንደ 100 ደቂቃ መካከለኛ ይቆጠራል። ወደ ተራዊሕ አሥር ደቂቃ ፈጠን ብለህ ሄደህ አሥር ደቂቃ ብትመለስ በሳምንት 140 ደቂቃ ነው። ከሚፈለገው አልፎ ተረፈ። ተራዊሕን ራሱን እንደ ስፖርት እየቆጠሩ ስንት ካሎሪ እንደሚያቃጥል የሚያሰሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልወደውም። ሶላት በአላህ ፊት መቆም ነው፤ እርምጃህን ቁጠር፣ ረከዓህን ግን ለጉልበት ብለህ አትቁጠር።

ይህ ሁሉ ቀኑን ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ነው። በግንባታ ላይ ብሎኬት ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ሲመላለስ የሚውል ጾመኛ ለእንቅስቃሴ ጂም አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው እንቅልፍና ጥሩ ሱሑር ነው። አሠሪዎችም የሥራውን ከባድ ክፍል ወደ ጠዋት ቢያመጡለት አጅር ያገኙበታል።

ከጂም ውጪ የማየው ሌላ ነገር አለ። ክብደት ለመቀነስ ብለው ላስቲክ ለብሰው ከቀትር በኋላ በፀሐይ የሚሮጡ ጾመኞች አሉ። የሚወርደው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም፤ በመጀመሪያው የኢፍጣር ብርጭቆ ይመለሳል። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አቡ ኢስራኢል የተባለ ሰው ጾሞ፣ በፀሐይ ቆሞ፣ ላይቀመጥ፣ ላይጠለልና ላይናገር ተስሎ ነበር። እንዲቀመጥ፣ እንዲጠለል፣ እንዲናገር፣ ጾሙን ግን እንዲፈጽም አዘዙት። ጾሙን ብቻ ተቀበሉለት፤ ፀሐዩን አልተቀበሉትም። በመስጂዳቸው በሁለት ምሰሶ መካከል የተወጠረ ገመድም አይተው ነበር። ዘይነብ (ረ.ዐ) ሌሊት ሶላት ላይ ሲደክማት የምትይዘው መሆኑ ተነገራቸው። አስፈቱት፤ ሰው ብርታት እስካለው እንዲሰግድ፣ ሲደክመው እንዲቀመጥ አዘዙ። አሰልጣኞች «አንድ ዙር ብቻ፣ አንድ ዙር ብቻ» እያሉ ሲጮሁ ስሰማ ያ ገመድ ትዝ ይለኛል።

የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ስለ ጾሙም ስለ ስፖርቱም ከሻዕባን ጀምሮ ሐኪሙን ያማክር። ስኳር ለመለካት ጣትን ወግቶ ደም ማየት ጾም አያስፈታም። ጤነኛ የሆነም ሰው ቢሆን ራሱን ካዞረው፣ ነገር ከተምታታበት፣ ልቡ አርፎም አልረጋ ካለው ውሃ ይጠጣ። ከብርቱ ልምምድ በኋላ ሽንቱ እንደ ሻይ ወይም እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረበት ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ፤ ይህ የጡንቻ መፍረስ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ቀዷ ለማውጣት ሙሉ ዓመት አለ፤ ለኩላሊት ግን እንዲህ ያለ ጊዜ የለም።

የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ሲገቡ የማክሰኞና ቅዳሜውም ስሌት ይለወጣል። ለይለቱል ቀድር በምትፈለግባቸው ሌሊቶች ጂም መገኘት አይገባም። ኢዕቲካፍ የገባ ሰው ጉዳዩ ያበቃ ነው። ላልገባውም በእነዚያ ቀናት አንድ ልምምድ፣ ያውም ከመግሪብ በፊት ቀለል ያለ፣ ይበቃዋል። በዚህ የሚጠፋ ብዙ ነገር የለም።

ያ ወጣት በዚያው ረመዳን ወደ ሁለት ቀን ወረደ። በኋላም አንድ ጥያቄ ይዞ ተመለሰ። «ሸኽ፣ ከዒድ በኋላ ቀዷዬን አውጥቼ የሸዋልን ስድስት ቀን ሰኞና ሐሙስ እየጾምኩ ብጨርስ፣ ስፖርቱን የት ላስገባው?» አለኝ። «ቀኖችህን አትነካካቸው ልጄ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ከሰኞና ከሐሙስ ጋር አይጋጩም። ሦስተኛ ቀን ካማረህ ሸዋል ሲያልቅ ጨምር» አልኩት።